ሙዚቃውን የሚሰማ ግድግዳ፦ ለኮንሰርት ግቢ ድምፅ የሚከተል ምስል አሠራር

ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ያለ ሥራ፣ ማለትም ሙዚቃን ተከትሎ የሚንቀሳቀስ የፕሮጀክተር ምስል፣ ስሠራ ሁሉንም ነገር ከሁሉም ነገር ጋር አያይዤው ነበር። ባሱ ሲመታ ክቡ ያድጋል። ድምፃዊው ሲያዜም ቀለሙ ይቀየራል። ክራሩ ሲገረፍ ነጠብጣብ ይረጫል። ካሜራው ሰው ሲያይ ደግሞ ሁሉም ይናወጣል። ቤት ውስጥ በስፒከር ስሞክረው ደስ ብሎኝ ነበር። ኮንሰርቱ ላይ ግን ምስሉ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲንቀጠቀጥ አመሸ።

አንድ ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ መጥቶ ፊት ለፊቱ ቆመ። አጨበጨበ። ጠበቀ። እጁን ከፍ አድርጎ ደግሞ አጨበጨበ። ግድግዳው ቀድሞም እየተርገበገበ ስለነበር የእሱ ጭብጨባ ምን እንዳመጣ ሊለይ አልቻለም። ትንሽ ቆየና ወደ እናቱ ተመለሰ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬን የምለካው በዚያ ልጅ ነው። ሰው ፊቱ ቆሞ ቢያጨበጭብ መልስ እንደተሰጠው ያውቃል ወይ? መልስ የሚታየው ደግሞ ከዝምታ ላይ ሲነሳ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚያ ሲባል የሚሠራ ነው።

ምሳሌዬን ልናገር። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ክፍት ግቢ ነው። መድረኩ ላይ ከበሮ፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ባስ ጊታርና ድምፃዊ አሉ። ከመድረኩ ራቅ ብሎ፣ ሰው በሚያልፍበት ቦታ፣ 4 ሜትር በ2 ሜትር ተኩል የሆነ ነጭ ጨርቅ ተወጥሯል፤ ግድግዳ የምለው እሱን ነው። ከኋላው አንድ ፕሮጀክተርና አንድ ላፕቶፕ አለ፤ ሰዉን የሚያይ አንድ ካሜራም አለ። ሶፍትዌሩ ቱችዲዛይነር ነው። ለንግድ ላልሆነ ሥራ በነፃ ይወርዳል። ነፃው የምስሉን መጠን በ1280 በ1280 ፒክስል ይገድበዋል። ለዚህ ጨርቅ 1280 በ800 ስለሚሆን ለመለማመድ በደንብ ይበቃል። ክፍያ የምትቀበሉበት ሥራ ከሆነ ግን ፈቃዱን መግዛት አለባችሁ።

1. ላፕቶፑን ሳትከፍቱ ሙዚቃውን ስሙ

ከባንዱ የልምምድ ቅጂ ጠይቁ። በስልክ የተቀዳ ቢሆንም ችግር የለውም። ሁለት ሦስት ጊዜ ምንም ሳትነኩ ስሙት። ከዚያ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር ብቻ ጻፉ። የትኛው መሣሪያ ምን ያደርጋል? የእኔ እንዲህ ነበር፦ የከበሮው ወፍራም ምት ቅርጹን ያሰፋዋል። ክራሩ ቀጭን ክር ይስላል። የድምፃዊው ረዥም ዜማ ብርሃኑን ያሞቀዋል።

አራተኛ መስመር አትጨምሩ። እጃችሁ ይበላችኋል፣ አውቃለሁ። አራተኛው ሲገባ ግን ሦስቱም መታየት ያቆማሉ።

ቀለምን በተመለከተ አንድ የራሴ አካሄድ አለኝ። ብዙ ሰው ቀለምን ከእያንዳንዱ ኖታ ጋር ያያይዛል። እኔ ከቅኝቱ ጋር ነው የማያይዘው። ባንዱ የዘፈኖቹን ዝርዝር ከሰጠኝ ለትዝታ አንድ የቀለም ቤተሰብ፣ ለባቲ አንድ፣ ለአምባሰል አንድ፣ ለአንቺ ሆዬ አንድ አዘጋጃለሁ። ትዝታ ላይ ከምሽት ሰማያዊና ከአመድ ቀለም አልወጣም። ዘፈን ሲቀየር ቀለሙን በእጄ፣ በአሥር ሰከንድ ውስጥ ቀስ አድርጌ እቀይረዋለሁ። ማንም ሰው ለምን እንደሆነ አይነግራችሁም፤ ግን ስሜቱ እንደተለወጠ ሁሉም ያውቀዋል።

2. ቦታውን በምሽት እዩት

በቀን ሄዳችሁ ቦታ አትምረጡ። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ እንደ ወቅቱ ከ12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ከ50 ባለው ጊዜ ውስጥ ትጠልቃለች። ከዚያ በኋላ በ25 ደቂቃ ገደማ ይጨልማል። ከ1 ሰዓት በፊት የሚጀምር ፕሮግራም ላይ ፕሮጀክተር አትመኑ።

ምክንያቱ ሒሳብ ነው። የፕሮጀክተሩን ሉመን (የሚያወጣውን የብርሃን መጠን) ለጨርቁ ካሬ ሜትር አካፍሉት። 5000 ሉመን ለ10 ካሬ ሜትር 500 ሉክስ ይሆናል። ጨለማ ውስጥ ይህ በጣም ጥሩ ነው። ደመናማ ቀን ግን ብቻውን ከ10,000 ሉክስ በላይ ሊሰጥ ይችላል። የመድረኩ መብራት ወደ ጨርቁ የሚፈስ ከሆነም ቦታ ቀይሩ ወይም መብራቱን እንዲያዞሩ ለምኑ።

ርቀቱን ለማወቅ የጨርቁን ስፋት በፕሮጀክተሩ የርቀት ቁጥር (ትሮው ሬሾ) አባዙት። ቁጥሩ ማኑዋሉ ላይ ተጽፏል። 1.5 ከሆነ 4 ሲባዛ በ1.5፣ 6 ሜትር ነው። ከኋላ መጣል የምመርጠው የሰው ጥላ ምስሉን እንዳይሸፍነው ብዬ ነው። ስስ አቡጀዴ ብርሃኑን በደንብ ያሳልፋል። ችግሩ በጨርቁ ውስጥ የሌንሱ ብርሃን እንደ ኮከብ ያበራል። ፕሮጀክተሩን ከሰው ዓይን ትይዩ ዝቅ ወይም ከፍ አድርጉት፤ ይጠፋል።

ሁለት ነገር በተለይ ለአዲስ አበባ። አንደኛ፣ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ፕሮጀክተር ቶሎ ይግላል። አብዛኞቹ ከ1500 ሜትር በላይ የሚበራ የከፍታ ቦታ ማስተካከያ አላቸው፤ ሜኑው ውስጥ ፈልጋችሁ አብሩት። ፋኑ ይጮሃል፣ ግን ማሽኑ መሐል ላይ አይጠፋባችሁም። ሁለተኛ፣ የእንቁጣጣሽ ሰሞን ዝናቡ ገና ሙሉ በሙሉ አይቆምም። ፕሮጀክተሩ ላይ ከላይ ብቻ ሸራ ዘርጉ፣ ጎንና ኋላውን ለአየር ክፍት ተዉት። በላስቲክ መጠቅለል ማፈን ነው።

ጨርቁ 10 ካሬ ሜትር ነው። ነፋስ ሲነሳ የመርከብ ሸራ ማለት ነው። በስካፎልዲንግ አራት ማዕዘን ወጥራችሁ እግሮቹ ላይ የአሸዋ ጆንያ ጫኑ።

3. ድምፁን ከሚክሰሩ ውሰዱ

ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረጋ እንበል።

የላፕቶፑን ማይክ አትጠቀሙ። ሰው ሲጮህ፣ ሰው ሲስቅ፣ ጀነሬተር ሲያጉረመርም፣ ሁሉም ይገባል። ቀጥታ ከሚክሰሩ በገመድ ውሰዱ። ለዚህ ደግሞ ከሳውንድ ማኑ ጋር መስማማት ያስፈልጋል። ከሳውንድ ቼኩ ቀን በፊት ደውሉለት። በዚያ ቀን እሱ ራሱ በሥራ ተወጥሮ ነው የሚያገኛችሁ።

ምን እንደምትፈልጉ በግልጽ ንገሩት። «የከበሮው መስመር ለብቻው፣ ክራሩ ለብቻው፣ ድምፃዊው ለብቻው፤ ሦስቱም ፕሪ ፌደር» በሉት። ፕሪ ፌደር ማለት እሱ ለሕዝቡ ድምፁን ሲያስተካክል ወደ እናንተ የሚመጣው አይነካም ማለት ነው። ይህን ካላላችሁ፣ እሱ ድምፃዊውን ትንሽ ዝቅ ባደረገ ቁጥር የእናንተ ብርሃን ይደበዝዛል፤ ምክንያቱን ሳታውቁት ስትፈልጉ ታመሻላችሁ። ሦስት መስመር መስጠት ካልቻለ የከበሮውን ለብቻው፣ ሌላውን በአንድ ላይ ውሰዱ። ያም ይሠራል።

ብዙ ዲጂታል ሚክሰሮች ድምፁን በዩኤስቢ ለያይተው ይሰጣሉ። ካልሆነ አራት መግቢያ ያለው የድምፅ ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። የመግቢያውን መጠን ስታስተካክሉ ኃይለኛው ምት ከጣሪያው 12 ዲሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ እንዲቆም አድርጉ። ልምምድ ላይ ረጋ ብሎ የመታ ከበሮ መቺ ሕዝብ ሲያይ እጁ ይከብዳል።

አሁን ስለ ኸምታው። የአገራችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። ላፕቶፑ በአንድ መስመር፣ ሚክሰሩ በሌላ መስመር ከተሰኩ በገመዱ ውስጥ «ኸምምም» የሚል ድምፅ ይገባል። ጆሮ ላይቀልበው ይችላል። ግን 50 ሄርዝ ላይ ነው፣ የከበሮው ወፍራም ድምፅ ሠፈር ውስጥ። ስለዚህ ማንም ሳይመታ ቅርጻችሁ ግማሽ ድረስ ተነፍቶ ይቆማል። ለማወቅ ቀላል ነው፦ ባንዱ ዝም ባለበት የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። ቅርጹ ወዲያው ከወረደ ኸምታው ነው። መፍትሔው ትራንስፎርመር ያለው ዲአይ ቦክስ (ድምፁን አሳልፎ የሁለቱን መስመር መሬት የሚለያይ ትንሽ ሳጥን) መሐል ላይ ማስገባት ነው። የሶኬቱን የመሬት ሽቦ መቁረጥ የሚመክሯችሁ ሰዎች ይኖራሉ። በፍጹም አታድርጉት። ያ ሽቦ የሰው ሕይወት የሚያድን ነው።

4. ድምፁን ወደ ቁጥር ለውጡት

ቱችዲዛይነር ውስጥ ሥራው የሚሠራው ትናንሽ ሳጥኖችን በመስመር በማገናኘት ነው። ቾፕ የሚባሉት ድምፅና ቁጥር ይይዛሉ። ቶፕ የሚባሉት ምስል ናቸው። የከበሮው ሰንሰለት ይህ ነው።

ኦዲዮ ዲቫይስ ኢን የሚለውን አስገቡና የድምፅ ካርዳችሁን ምረጡ። ቀጥሎ ኦዲዮ ፊልተር፤ ከ120 ሄርዝ በታች ያለውን ብቻ እንዲያሳልፍ አድርጉት። ቀጥሎ አናላይዝ፤ አርኤምኤስ የሚለውን ምረጡ፣ የድምፁን ጉልበት በአንድ ቁጥር ይሰጣችኋል። ቀጥሎ ማዝ፤ ቁጥሩን ከ0 እስከ 1 ወዳለ መጠን ይዘረጋዋል። ቀጥሎ ላግ፤ ቁጥሩ እንዳይዘል ያለሰልሰዋል። መጨረሻ ላይ ነል አድርጉና ከዚያ ወደ ምስሉ ውሰዱት። የክራሩና የድምፃዊው ሰንሰለትም እንዲሁ ነው፤ የሚለያየው ፊልተሩ ነው።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ «ለምን ኤፍኤፍቲ አትጠቀምም?» ብሎ ነው። ኤፍኤፍቲ ድምፁን ወደ ብዙ ፍሪኩዌንሲ የሚበትን ስሌት ነው፤ በጣም ጠቃሚ ነው። ግን ዋጋ አለው። ድምፅ በሰከንድ 48,000 ጊዜ ይለካል። 1024 ልኬት አንድ ላይ ከወሰዳችሁ 21 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ የሚሰጣችሁ ክፍልፋይ ደግሞ እያንዳንዱ 47 ሄርዝ ስፋት አለው። ከበሮውና ባስ ጊታሩ እዚያ ውስጥ ይደባለቃሉ። ለመለየት 4096 ብትወስዱ ክፍልፋዩ ወደ 12 ሄርዝ ይጠባል፤ ግን 85 ሚሊሰከንድ መጠበቅ ግድ ይሆናል። ለከበሮ ያ ዘገየ ማለት ነው። ስለዚህ ለታችኛው ድምፅ ቀላል ፊልተር፣ ለክራሩ ክር ደግሞ በፊልተሩ ፈንታ ኤፍኤፍቲ እጠቀማለሁ።

ላጉ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፣ መውጫና መውረጃ። መውጫው አጭር ይሁን፣ 0.01 ሰከንድ። ምት ሲመጣ ብርሃኑ ወዲያው መነሳት አለበት። መውረጃው እንደ መሣሪያው ነው። ለድምፃዊው 0.4 ሰከንድ፣ ትንፋሽ እንዲመስል። ለከበሮው 0.1 ገደማ። ከዚያ ከረዘመ አንዱ ምት ሳይወርድ ሌላው ይደርስበትና ቅርጹ ተነፍቶ ይቀራል።

5. ችክችካን ማሽኑ አያውቀውም

ምት የሚቆጥሩ ሶፍትዌሮች አብዛኞቹ የተሠሩት በአራት ለሚቆጠር ሙዚቃ ነው። ችክችካ ግን በስድስት ነው የሚሄደው። ስድስቱን በሁለት ሦስት ሦስት ልትሰሙት ትችላላችሁ፤ በሦስት ሁለት ሁለትም ልትሰሙት ትችላላችሁ። ውበቱም እሱ ነው፤ ትከሻ በአንዱ ሲሄድ እግር በሌላው ይሄዳል። ማሽኑ ግን ይህ ሲሆን ግራ ይገባዋል። በደቂቃ 120 የሆነውን ምት ድንገት 180 ብሎ ይቆጥረዋል። ምስሉ ከሙዚቃው ጋር መጣላት ይጀምራል። አንድ ደቂቃ ያህል ገጥሞ ይሄድና ደግሞ ይስታል። ይህ ጨርሶ ካለመግጠም የባሰ ነው።

ስለዚህ ፍጥነት አታስቆጥሩት። እያንዳንዱን ምት በራሱ ያዙት። እንዲህ ነው፦ ከአናላይዙ ሁለት መስመር አውጡ። አንዱ ፈጣን ይሁን፣ ሌላው በግማሽ ሰከንድ ላግ የቀዘቀዘ አማካይ ይሁን። ከፈጣኑ ላይ ቀዝቃዛውን ቀንሱ። ልዩነቱ ከተወሰነ ቁጥር ሲያልፍ ምት መጣ ማለት ነው፤ ትሪገር የሚባለው ሳጥን ይተኩስ። አንዱ ምት ሁለቴ እንዳይቆጠር ከተኮሰ በኋላ ለ120 ሚሊሰከንድ ዝጉት። ለምን 120? ከላይ ባልነው ፍጥነት ስድስቱ ምቶች አንድ ሰከንድ ይሞላሉ፤ በሁለቱ መሐል 167 ሚሊሰከንድ አለ። ከዚያ በላይ ከዘጋችሁ ምት ያመልጣችኋል።

ከበሮው ደግሞ ሁለት ፊት አለው። ሰፊው ወፍራም ድምፅ፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ማይኩ ሁለቱንም ከያዘ በፊልተር መለየት ይቻላል። ሰፊው ፊት ቅርጹን ያስፋ፤ ጠባቡ ፊት ጠርዙን ብቻ ይንካ። ይህን ስታደርጉ ምስሉ ራሱ ችክችካ መጫወት ይጀምራል። እዚህ ላይ አንድ ምሽት ብታጠፉ አይቆጫችሁም።

6. ዝም ማሰኘት

አሁን ወደዚያ ልጅ እንመለስ። ሦስቱም መስመሮች ላይ ወለል አድርጉ። ማለትም ቁጥሩ ከ0.08 በታች ከሆነ ዜሮ ይሁን። ዜሮ ሲሆን ምስሉ ጥቁር ይሁን፣ ወይም አንድ ቀጭን ክር ብቻ ይቅር። ዘፈን አልቆ ሰው ሲያጨበጭብ ግድግዳው መጨለም አለበት። በመጀመሪያው ምሽት አዘጋጆቹ «ተበላሸ እንዴ?» ብለው ይጠይቃሉ። አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ወለሉ ሙዚቃውን የምታከብሩበትም ቦታ ነው። ክራሩ ብቻውን ሲጫወት፣ ሌላው ሁሉ ዝም ሲል፣ ግድግዳው ላይ አንድ ክር ብቻ ሲንቀሳቀስ አይታችሁ ካወቃችሁ ከዚያ በኋላ ግድግዳ መሙላት አያምራችሁም።

7. ብልጭታው ልክ ይኑረው

ይህን ክፍል እንዳትዘሉት። በታኅሣሥ 1997 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጃፓን ውስጥ አንድ የልጆች የካርቱን ፕሮግራም ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በሰከንድ 12 ጊዜ ያህል አፈራርቆ አሳየ። ከ600 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ። ብርሃን ሲብለጨለጭ የሚጥል በሽታ የሚነሳባቸው ሰዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ እስከዚያ ቀን ድረስ አያውቁትም።

ለድረ ገጽ ሥራ የሚመከረው ገደብ በሰከንድ ከሦስት ብልጭታ እንዳይበልጥ ነው። እኔም ለግድግዳ እሱን እይዛለሁ። አሁን ችክችካውን አስታውሱ፦ በሰከንድ ስድስት ምት። እያንዳንዱን ምት ነጭ ብልጭታ ብታደርጉት ገደቡን በእጥፍ አለፋችሁ። ስለዚህ ምቱ ቅርጹን ይለውጥ እንጂ የጠቅላላውን ብርሃን አያብራ አያጥፋ። ክቡ ይስፋ፣ ክሩ ይታጠፍ። ብልጭ ማድረግ ከፈለጋችሁ በመጀመሪያውና በአራተኛው ምት ብቻ፣ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ይሆናል። የደመቀ ቀይን ሙሉ ጨርቅ ላይ አታብለጭልጩ።

8. ሰዉን አስገቡት

እኔ የምከተለው አንድ ሐሳብ ነው፤ ጊዜውን ሙዚቃው ይስጥ፣ ቦታውን ሰው ይስጥ። ክሩ መቼ እንደሚንቀሳቀስ ክራሩ ይወስናል። የት ላይ እንደሚታጠፍ ግን ፊቱ የቆመው ሰው ይወስናል። ሁለቱ እንዲህ ሲለያዩ ሰው የራሱን ድርሻ ያያል። ሙዚቃውም አይረበሽም።

ማታ ስለሆነ ተራ ካሜራ አያይም። ቢያይም የሚያየው የራሳችሁን ምስል ብርሃን ነው፤ ራሱን እያየ ይናወጣል። በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚያይ ካሜራና የኢንፍራሬድ መብራት ተጠቀሙ። ለጥበቃ ካሜራ የሚሸጡት የ850 ናኖሜትር መብራቶች ይሠራሉ። ካሜራው ላይ ተራውን ብርሃን የሚከለክል ፊልተር ግጠሙበት። ካሜራውን ግን ራሱን ከጥበቃ ካሜራ አትውሰዱ፤ በኔትወርክ የሚልኩት ብዙ ጊዜ በጣም ይዘገያሉ። በዩኤስቢ የሚሰካ ይሻላል። እንደ ኪኔክት ያሉ ርቀት የሚለኩ ካሜራዎችም ጥሩ ናቸው፤ ፀሐይ ካለ ግን ይታወራሉ።

የሰውን መገጣጠሚያ ፈልገው አጥንቱን የሚስሉ ሶፍትዌሮች አሉ። እኔ ለዚህ ሥራ አልወድዳቸውም። አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው እስክስታ ሲወርዱ ማሽኑ ትከሻቸውን ያጣዋል። ጋቢ የለበሰ ሰው ጭራሽ ሰው መሆኑ ይጠፋበታል። የተሻለው እንቅስቃሴን ብቻ ማየት ነው። የአሁኑን ፍሬም ካለፈው ፍሬም ቀንሱ፤ የተለወጠው ቦታ ይበራል። ምስሉን ወደ 160 በ120 ፒክስል አሳንሱት፣ ትንሽ አደብዝዙት፣ ከዚያ ክሩን የሚገፋ ጉልበት አድርጉት። ትከሻ ሲመታ ክሩ በትከሻው ልክ ይርገበገባል። ነጠላው ሲወዛወዝም አብሮ ይወዛወዛል፤ እሱም ያምራል።

ለልጆች ደግሞ አንድ ትንሽ ከበሮ አስቀምጡ። ከቆዳው ሥር ፒየዞ የምትባል ሳንቲም የምታክል ሴንሰር ለጥፉ። ከ1 ሜጋኦም ሬዚስተር ጋር ወደ አርዱዊኖ (ቁጥሩን ወደ ላፕቶፑ የሚልክ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ትገባለች፤ ሲመታ ከ0 እስከ 1023 ቁጥር ትሰጣለች። የልጁ ምት የራሱ የሆነ አንድ ቅርጽ ይኑረው፣ ባንዱ የማይነካው። ሙዚቃው ቢጮህም የእሱን ያገኘዋል።

የሰው ፊት አትቅዱ። ካሜራ እንዳለና እንደማይቀዳ ጨርቁ አጠገብ በትልቁ ጽፋችሁ ለጥፉ።

9. መዘግየቱን ለኩ

እንጨት የሚፈልጥ ሰው ከሩቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ምሣሩ ያርፋል፣ ድምፁ ቆይቶ ይመጣል። ዓይናችን ያንን ለምዷል። ስለዚህ ምስል ከድምፅ ትንሽ ቢቀድም አይሰማንም፤ ድምፅ ቀድሞ ምስል ሲዘገይ ግን ቶሎ ይታወቀናል። ለቴሌቪዥን በወጣው ዓለም አቀፍ መለኪያ መሠረት ሰው ልዩነቱን መለየት የሚጀምረው ድምፁ በ45 ሚሊሰከንድ ሲቀድም ወይም በ125 ሲዘገይ ነው።

ለመለካት ስልካችሁ በሰከንድ 240 ፍሬም የሚቀዳ ከሆነ ይበቃል። የከበሮው ማይክ ላይ በጣት ምቱ፣ ጣቱና ጨርቁ በአንድ ቪዲዮ ይግቡ። ጣቱ ከነካበት ምስሉ እስከተነሳበት ፍሬም ቁጠሩ። እያንዳንዱ ፍሬም 4 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። 15 ፍሬም ካገኛችሁ 60 ሚሊሰከንድ ማለት ነው። ብዙ ከሆነ መጀመሪያ የድምፅ ካርዱን በፈር (አጠራቅሞ የሚልከውን የልኬት ብዛት) ወደ 256 አውርዱት። ከዚያ ፕሮጀክተሩ ላይ ለጌም የሚሆነውን ማስተካከያ አብሩ። ብዙውን ጊዜ የሚዘገየው ፕሮጀክተሩ ነው።

አሁን ደስ የሚለው ክፍል። ድምፅ በቀዝቃዛ ምሽት በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ግድግዳችሁ ከመድረኩ ስፒከር 20 ሜትር ከራቀ ድምፁ እዚያ ለመድረስ 59 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። የእናንተ ገመድ ግን ወዲያው ያደርሰዋል። ስለዚህ የሲስተማችሁ 60 ሚሊሰከንድ መዘግየት እና የድምፁ ጉዞ ይጣጣማሉ፤ ጨርቁ ፊት የቆመ ሰው ሁለቱን እኩል ያገኛል። ግድግዳው 40 ሜትር ከሆነ ጉዞው 118 ሚሊሰከንድ ነው። ያኔ ዲሌይ ጨምራችሁ 58 ሚሊሰከንድ ያህል አዘግዩት። መሐል ላይ ተጨማሪ ስፒከር ከተተከለ ከእሱ ለኩ። የመጨረሻው ዳኛ የራሳችሁ ዓይን ነው፤ ጨርቁ ፊት ቆማችሁ ከበሮው ሲመታ ምስሉን እዩ።

10. ከመክፈታችሁ በፊት

ፕሮጀክተሩን የድምፁ አምፕሊፋየር ከተሰካበት መስመር አትሰኩ። የ5000 ሉመን ፕሮጀክተር ብዙ ጊዜ ከ300 እስከ 450 ዋት ይፈልጋል፤ በዩፒኤስ በኩል ይሂድ። መብራት ሄዶ ጀነሬተር እስኪነሳ ያሉት ሁለት ደቂቃዎች ፋኑን አስቁመው ማሽኑን ያግሉታል፣ ምሽቱንም ያበላሻሉ።

ላፕቶፑ ላይ ዝመናን፣ የማስጠንቀቂያ መልእክትንና እንቅልፍን አጥፉ። ሲበራ ሥራው ራሱ እንዲከፈት አድርጉ። ከዝግጅቱ ሁለት ቀን በፊት ቤት ውስጥ ስምንት ሰዓት ሳይጠፋ ይሥራ። እየቆየ የሚዘገይ ከሆነ የሆነ ቦታ ማህደረ ትውስታ እየሞላ ነው፤ ያኔ ማግኘት ይሻላል።

አንድ የሚዲ ሰሌዳ፣ ማለትም ሶፍትዌሩን በቁልፍና በፌደር (ከፍ ዝቅ በሚል ማንሸራተቻ) የምታዙበት፣ ይኑራችሁ። በጣም የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ሁሉንም ወደ ጥቁር የሚያወርድ አንድ ፌደር፣ የቀለም መቀየሪያ፣ እና የወለሉ ቁጥር። ሕዝቡ ሲበዛና ባንዱ ሲጋል ወለሉን ትንሽ ከፍ ታደርጋላችሁ። ያንን በማውዝ መፈለግ አይሆንም። አንድ የተረጋጋ ቪዲዮም በፍላሽ አዘጋጁ፤ ላፕቶፑ ቢቆም ፕሮጀክተሩ እሱን ያጫውት። ሰው የሚያልፍበትን ገመድ ሁሉ በጨርቅ ፕላስተር መሬት ላይ ለጥፉ።

ሳውንድ ቼክ ላይ ባንዱን አንድ ነገር ለምኑ፦ ከበሮው ብቻውን ለ30 ሰከንድ፣ ክራሩ ብቻውን ለ30 ሰከንድ፣ ድምፃዊው ብቻውን ለ30 ሰከንድ። አንድ ደቂቃ ተኩል ነው፤ እምቢ ያለኝ ባንድ የለም። የእያንዳንዱን ትልቁንና ትንሹን ቁጥር ጻፉና ማዙ ውስጥ አስገቡ።

ምሽቱ ሲጀመር ቦታችሁ ከላፕቶፑ ኋላ ብቻ አይሁን። በየግማሽ ሰዓቱ ወጥታችሁ ከሕዝቡ መሐል ቁሙ። ልጆቹ ምን እንደሚያደርጉ እዩ። እጃቸውን ዘርግተው ክሩን ለመያዝ የሚሞክሩ ከሆነ ወለሉ ልክ ነው። ዝም ብለው አይተው የሚያልፉ ከሆነ ተመለሱና አንድ ነገር አጥፉ።

ሲያልቅ ሦስቱን የድምፅ መስመሮች ለያይታችሁ የቀዳችሁበትን ፋይል ሳትይዙ አትውጡ። ለዚህ ሥራ እንደምትጠቀሙበት ለባንዱ አስቀድማችሁ ንገሩ። የምሽቱን የወለል ቁጥር፣ የላግ ቁጥርና የዲሌይ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከድምፅ ካርዱ ሥር ለጥፉት። የሚቀጥለው ግቢ ላይ ከዜሮ ሳይሆን ከዚያ ትጀምራላችሁ።